በአሜሪካ አገር የሚኖር ልጅ ካገሩ ሲወርስ ስለሚያስፈልገው የግብር ጽሕፈት

ልጅን ወደ ባሕር ማዶ ልኮ ማስተማር በአባቶቻችን ዘመን ለጥቂት ቤት ብቻ የደረሰ ዕድል ነበር። ዛሬ ግን ሹሙም፥ ነጋዴውም፥ የጦር መኰንኑም ልጁን በዋሺንግቶን፥ በሜሪላንድ ወይም በሚኔሶታ ያኖራል፤ ልጁም በዚያው ሥራ ይይዛል፥ ትዳር ይመሠርታል፥ አንዳንዱም የዚያን አገር ዜግነት ይቀበላል። ወላጅ ግን በዚህ ይቀራል፤ ቤቱም የባንክ ገንዘቡም በዚህ ነው። እንግዲህ አባት ወይም እናት ያረፉ እንደ ሆነ ልጁ በሁለት መንግሥታት ሕግ መካከል ይቆማል። ወራሽ የሚያደርገው የኢትዮጵያ ሕግ ነው፤ ስለ ወረሰው ነገር ቃል የሚጠይቀው ግን የአሜሪካ ሕግ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የዚህን ነገር አንዱን ጫፍ ዘወትር እናያለን። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ ካሜሪካ የመጣው ልጅ ከሥራው ያገኘው ፈቃድ አጭር ስለ ሆነ የወራሽነቴን ወረቀት ቶሎ ስጡኝ እያለ ይለምናል፤ ወረቀቱን ይቀበላል፥ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ውክልና ይሰጣል፥ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ያላለቀው ጫፍ ግን በሚኖርበት አገር ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለዚያ ጫፍ ልንጽፍ ወደድን።

በሰው አፍ የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ስሕተት ነው። አንደኛው የአሜሪካ መንግሥት ከውርሱ እኩሌታውን ይወስዳል የሚል ፍርሃት ነው፤ በዚህም ፍርሃት ምክንያት አንዳንድ ወላጆች በሕይወታቸው ሳሉ ቤታቸውን በአጎት ወይም በወንድም ስም ያዛውራሉ፤ ኋላ ከዚህ የተነሣ በዘመድ መካከል የሚመጣውን ክርክር የምንጽፈው እኛው ነን። ሁለተኛው ደግሞ ቤቱ ያለው በአዲስ አበባ ነው፥ አሜሪካን ምን አገባው የሚል ድፍረት ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ ውርስ ከገቢ አይቈጠርም፤ ልጅ ከአባቱ ቤት ወይም ገንዘብ ስለ ወረሰ ብቻ የገቢ ግብር አይከፍልም። በሟች ሀብት ላይ የሚጣለው ሌላው ግብርም፥ ሟቹ የአሜሪካ ዜጋ ያልነበሩ፥ ኑሯቸውንም በዚያ ያላደረጉ፥ በዚያም አገር ንብረት የሌላቸው ከሆኑ አይነካም። ነገር ግን ግብር የለም ማለት ማስታወቅ የለም ማለት አይደለም። መንግሥቱ ገንዘቡን አይወስድም፤ እንዲነገረው ግን ያዛል፤ ሳይነገረው የቀረ እንደ ሆነ ይቀጣል።

የማስታወቂያው ወረቀት ቅጽ 3520 ይባላል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ወይም በግሪን ካርድ በዚያ የሚኖር ሰው ባንድ ዓመት ውስጥ በውጭ አገር ከሚኖር፥ የአሜሪካ ዜጋም ካልሆነ ሰው በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘው ተደምሮ ከ100,000 ዶላር በላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ይህን ቅጽ ሞልቶ ለአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት፥ እነርሱ አይ አር ኤስ ለሚሉት፥ መላክ አለበት። ከአባትና ከእናት ባንድ ዓመት የመጣው ለየብቻው ሳይሆን ባንድነት ይቈጠራል። ጊዜው ውርሱ ከተገኘበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ኤፕሪል 15 ቀን፥ በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን ነው፤ የገቢ ግብሩን ማስታወቂያ ጊዜ ያስረዘመ ሰው ለዚህም እስከ ኦክቶበር 15 ቀን ድረስ ጊዜ ያገኛል። ከገቢ ግብሩ ወረቀት ጋር ግን ባንድ ፖስታ አይገባም፤ ለብቻው በዩታ ግዛት ኦግደን በሚባለው ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤት ይላካል።

ቅጣቱ ቅጹ ለዘገየበት ለያንዳንዱ ወር ከውርሱ ዋጋ ከመቶ 5 ነው፤ ሲጠራቀምም እስከ ከመቶ 25 ይደርሳል። 180,000 ዶላር የሚያወጣ ነገር የወረሰ ልጅ በየወሩ 9,000 ዶላር፥ በአምስት ወርም 45,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው፤ ያውም አንድ ዶላር ግብር በማይከፈልበት ነገር። ይህ ሕግ የወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ዓመት ቅጹን አዘግይቶ የላከ ሰው ምክንያቱ ሳይመረመር ቅጣቱ በደብዳቤ ይደርሰው ነበር። ይህም አሠራር ስሕተቱን ራሱ ዐውቆ የመጣውን ሰው የሚቀጣ፥ ዝም ያለውን የሚተው ስለ ሆነ፥ በዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ የግብር ከፋዮች ጠበቃ የተባለው ክፍል ደጋግሞ ተቃወመው፤ እኛም ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነበር እንላለን። በ2024 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር ወር የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ሹም ይህ በራሱ የሚመጣ ቅጣት እንደሚቀርና ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ከቅጹ ጋር የተላከው የምክንያት ደብዳቤ እንደሚመረመር አስታወቁ። ሕጉ ግን አልተሻረም፤ የተሻሻለው አሠራሩ ነው። ዘግይቶ የሰማ ልጅ ቢኖር ቅጹን ሞልቶ፥ ለምን እንደ ዘገየ በዝርዝር ጽፎ፥ ማስረጃውን አያይዞ ይላክ፤ በቂ ምክንያት ያለውን ሰው ሕጉ ራሱ ከቅጣት ነፃ ያደርገዋል።

ውርሱ ከመቶ ሺሕ ዶላር ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚለውን ለማወቅ አስቀድሞ የኛን አገር ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ አገር ሒሳብ ዐዋቂ በቀላሉ የሚሳሳተውም በዚህ ነው። አባት ቢሞቱ ቤቱ በሙሉ ውርስ ነው ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ስለ ሆነ እኩሌታው አስቀድሞም የእናት ነው። የቀረው እኩሌታ፥ ኑዛዜ ከሌለ፥ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለልጆች በእኩልነት ይከፈላል። ለምሳሌ በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. አንድ አባት 17,100,000 ብር የሚያወጣ ቤት ትተው ዐረፉ እንበል። በዚያን ጊዜ አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለ ነበረ ቤቱ 300,000 ዶላር ነው። ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ ውርሱ 150,000 ነው፤ ለሁለት ልጆች ሲከፈል ለያንዳንዱ 75,000 ይደርሳል፤ ሌላ የተወረሰ ነገር ከሌለም ቅጽ አያስፈልግም። ቤቱ አባት ከጋብቻ በፊት ያገኙት የግል ሀብት ከሆነ ግን ለያንዳንዱ ልጅ 150,000 ዶላር ይደርሳል፤ ቅጹ ግድ ይሆናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ስለ ለቀቀው በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። እኚያው አባት ያንኑ ቤት በዚያው የብር ዋጋ ትተው ያረፉት ዶላሩ 114 ብር በሆነበት ቀን ቢሆን ኖሮ ቤቱ 150,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የግል ሀብታቸው ቢሆንም እንኳ ለያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 75,000 ነው። እንግዲህ ዕረፍቱ የሆነበት ቀንና የዚያ ቀን የባንክ ምንዛሬ በወረቀት መያዝ አለበት። ባንኮች የየቀኑን ምንዛሬ ስለሚያስታውቁ የዚያን ቀን ገጽ ማተም ብዙ ድካም የለውም፤ ከዓመታት በኋላ መፈለግ ግን ድካም ነው።

ስለ ቀን ካነሣን፥ ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ከኛ ይልቅ ያውቁታል፤ የዘመን አቈጣጠራችን ልዩነት በዚህ ጉዳይ የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል። በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ያረፈ ሰው በእነርሱ አቈጣጠር በዲሴምበር 29 ቀን 2024 ዐረፈ፤ በታኅሣሥ 25 ቀን ያረፈ ግን በጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ነው። በኛ ዘንድ አንድ ወር የሆነው በእነርሱ ዘንድ ሁለት የግብር ዓመት ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ወረቀቱን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሰው 2017 የሚለውን እንዳለ የገለበጠው እንደ ሆነ፥ የአሜሪካው ሹም ሰውየው ከብዙ ዓመት በፊት እንደ ሞተ፥ ልጁም ይህን ሁሉ ዘመን እንደ ደበቀ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ በትርጉሙ ላይ ሁለቱም ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የየትኛው አቈጣጠር እንደ ሆነም በግልጽ ይነገር።

ስምም እንደዚሁ ነው። በኛ ልማድ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ነው፤ የአባት ሁለተኛ ስም ደግሞ የአያት ስም ነው። በአሜሪካ ግን የመጨረሻው ስም የቤተ ሰብ ስም ስለ ሆነ አባትና ልጅ አንድ የመጨረሻ ስም እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ከቤቱ ሽያጭ የመጣውን ገንዘብ የሚቀበለው ባንክ፥ ወይም መርማሪው ሹም፥ ወረቀቱን ሲያይ እነዚህ ሁለት ሰዎች በምን ይዛመዳሉ ብሎ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ጸጋዬ የሚባለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በቲ እና በኤስ፥ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል፤ የክርስትና ስም በልደት ወረቀት ላይ፥ የዓለም ስም በፓስፖርት ላይ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። የወራሽነት አቤቱታ ሲቀርብ የልጁ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደሚገኘው ሆኖ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢገለጽ፥ ልዩነትም ካለ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ውስጥ ቢጠቀስ፥ ኋላ የሚመጣውን ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚዘነጋው ነገር ደረስን። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 996 መሠረት የሚሰጠው የወራሽነት የምስክር ወረቀት ማን ወራሽ እንደ ሆነና ድርሻው ስንት እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ንብረቱ ምን እንደሚያወጣ አይናገርም። የአሜሪካው ቅጽ ደግሞ የሚጠይቀው ምን አገኘህ፥ መቼ አገኘህ፥ ስንት ያወጣል የሚለውን ነው። ስለዚህ ወራሹ ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አባት ባረፉበት ቀን ቤቱ በገበያ ምን ያወጣ እንደ ነበረ በሞያው ዐዋቂ የሆነ ገማች የጻፈውና የፈረመበት ግምት ነው። የሚፈለገውም ሻጭም ገዢም ሳይገደዱ፥ ሁለቱም ነገሩን ዐውቀው የሚስማሙበት ዋጋ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ተብሎ ዝቅ ያለ ቍጥር በመዝገብ ቢገኝ እርሱ አይበቃም።

የዚህ ግምት ጥቅም ለቅጹ ብቻ አይደለም። ልጁ ቤቱን አንድ ቀን የሸጠ እንደ ሆነ ከሽያጩ በተገኘው ትርፍ ላይ የአሜሪካ መንግሥት ግብር ይጠይቃል፤ ዜጎቹንና ነዋሪዎቹን በዓለም ሁሉ ባገኙት ገቢ የሚያስከፍል መንግሥት ነውና። ትርፉ የሚቈጠረው ግን አባት ቤቱን ከሠሩበት ዋጋ ሳይሆን ባረፉበት ቀን ካለው ዋጋ ጀምሮ ነው። አባት ቤቱን በ40,000 ብር ሠርተውት ባረፉበት ቀን 17 ሚሊዮን ቢያወጣ፥ በመካከል ያለው ዕድገት ሁሉ ከግብር ነፃ ሆኖ ይቀራል፤ ንብረቱም ሟቹም የውጭ አገር ቢሆኑ ይህ አይለወጥም። ይህ ለወራሽ የተደረገ ትልቅ ቸርነት ነው። በሕይወት ሳሉ ለልጁ በስጦታ ያዛወሩት እንደ ሆነ ግን ልጁ የሚይዘው የአባቱን አሮጌ ዋጋ፥ ያንን 40,000 ብር ነው፤ ሲሸጥም የዘመናቱ ዕድገት ሁሉ እንደ ትርፍ ይቈጠርበታል። እንግዲህ ከግብር ላድነው ብሎ በችኰላ ስም የሚያዛውር አባት ልጁን ወደ ግብር ይገፋዋል ማለት ነው። ግምቱ በጊዜው ሳይጻፍ ከቀረም ልጁ መነሻ ዋጋውን የሚያስረዳበት ስለሌለው መነሻህ ባዶ ነው ሊባል ይችላል።

ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የሚገኘው ኪራይም በየዓመቱ በአሜሪካ ይነገራል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር እንዳይደራረብ የሚያደርግ ውል የለም፤ ሆኖም በዚህ አገር የተከፈለ የገቢ ግብር በዚያ አገር ሕግ ተቀናሽ ስለሚሆን ደረሰኙ መጠበቅ አለበት። ኪራዩን የሚሰበስበው ወንድም ግብሩን ከፍሎ ደረሰኙን የጣለ እንደ ሆነ ያው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ግብር ሊከፈልበት ይችላል።

ስለ ባንክ ገንዘብ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ አለ፤ ኤፍባር ይሉታል። በ1970 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሕግ የመጣ ሲሆን፥ በውጭ አገር ባንኮች ያለው ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ባንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ማስታወቅ ግድ ነው፤ የሚላከውም ለግብር መሥሪያ ቤት ሳይሆን ፊንሴን ለሚባለው የገንዘብ ሚኒስቴር ክፍል በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፥ ገንዘቡ የራሱ ባይሆንም በሒሳቡ ላይ የመፈረም ሥልጣን ያለው ሰው ጭምር የሚገደድ መሆኑ ነው። ያረጁ እናት በባንክ ያለውን ገንዘብ እንድታንቀሳቅስላቸው ካሜሪካ ለምትኖረው ልጃቸው ውክልና ቢሰጧት ልጅቱ እናቷ በሕይወት ሳሉ ጀምራ ማስታወቅ አለባት። ያላገባና በአሜሪካ የሚኖር ሰው ደግሞ በውጭ አገር ያለው የገንዘብ ሀብት በዓመቱ መጨረሻ ከ50,000 ዶላር፥ ወይም በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ቀን ከ75,000 ዶላር የበለጠ እንደ ሆነ ከገቢ ግብሩ ጋር ቅጽ 8938 ይጨምራል። በራሱ ስም ያለ መኖሪያ ቤት ከሁለቱም ውጭ ነው።

የኤፍባርን ነገር በሮማንያ የተወለደው አሜሪካዊ ነጋዴ ቢትነር ያውቀዋል። ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ ሲሠራ የአምስት ዓመት ማስታወቂያ በጊዜው ሳያቀርብ ቀረ፤ መንግሥቱም በ272 የባንክ ሒሳብ ቈጥሮ 2,720,000 ዶላር ጠየቀው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በአምስት ዳኞች ድምፅ ባራት ላይ፥ ሆን ብሎ ያላጠፋ ሰው የሚቀጣው በቀረው ማስታወቂያ ቍጥር እንጂ በሒሳቡ ብዛት አይደለም ተብሎ ተፈረደ፤ ቅጣቱም 50,000 ዶላር ሆነ። ፍርዱ ደግ ነው፤ ነገር ግን 50,000 ዶላርም ላለማወቅ የሚከፈል ቀላል ዋጋ አይደለም።

ባገራችን ልማድ ካሜሪካ ያለው ልጅ እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አልተቸገርሁም፥ ድርሻዬን እኅቴ ትውሰደው ማለቱ የተለመደና የሚያስመሰግን ነው። ይህንንም ሲያደርግ ሕግ አለበት። ውርሱን ከተቀበለ በኋላ ለእኅቱ የሰጠ እንደ ሆነ እንደ ስጦታ ሰጪ ይቈጠራል፤ ለአንድ ሰው ባንድ ዓመት ከ19,000 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው፥ በ2025 እና በ2026 እ.ኤ.አ. በተወሰነው ልክ፥ ቅጽ 709 መሙላት አለበት። ይህ እንዳይመጣበት የፈለገ አባቱ ካረፉበት ቀን ጀምሮ በዘጠኝ ወር ውስጥ፥ ከውርሱ ምንም ሳይጠቀም፥ አልወርስም ብሎ በጽሑፍ ይተወው። ለእገሊት ይሁን ብሎ ግን መጻፍ አይችልም፤ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው ሕጉ ነው። የቃል ስምምነት በሽማግሎች ፊት ቢደረግ በኛ ዘንድ ክብር አለው፤ ለአሜሪካው ሹም ግን ምንም አይነግረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚለዩ ወላጆች አሉ። ልጆቻቸው ወስደዋቸው በግሪን ካርድ ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉ አባት ወይም እናት በዚያ ሕግ ዘንድ እንደ አገሩ ሰው ይቈጠራሉ፤ ሀብታቸውም በዓለም ሁሉ ያለው ይደመራል። ይሁን እንጂ በ2026 እ.ኤ.አ. ለሚያርፉ እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ያለው ሀብት ከግብር ነፃ ስለ ሆነ ጥቂት ሰው ብቻ ይነካል። በዚህ እየኖሩ በአሜሪካ ቤት ወይም የኩባንያ አክሲዮን የገዙ ወላጆች ግን ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ለእነርሱ ነፃ የሆነው 60,000 ዶላር ብቻ ነውና። ከዚህ የበለጠ ከሆነ ወራሾች በዘጠኝ ወር ውስጥ ማስታወቅ አለባቸው። በአሜሪካ ባንክ የተቀመጠ ተራ ገንዘብ በዚህ ግብር አይቈጠርም።

ወላጆች በሕይወት ሳሉ የሚያደርጉት ነገር ብዙ አይደለም። የቤቱን የባለቤትነት ወረቀት፥ የጋብቻውን ወረቀት፥ የባንክ ሒሳቦቹን ዝርዝርና የልጆቹን የፓስፖርት ግልባጭ ባንድ ማኅደር ያኑሩ፤ ማኅደሩ የት እንዳለም ካንድ ልጅ በላይ ይወቅ። ኑዛዜ ካለ በሕጉ ሥርዓት ይሁን፤ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና ባራት ምስክሮች ፊት ተነቦ መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም መዝጋቢ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የአሜሪካ ዜግነት የተቀበለ ልጅ በ1994 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፥ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፥ ሳይቸኵል አስቀድሞ ያውጣ።

ልጁም ለለቅሶ ሲመጣ ከመመለሱ በፊት የሞቱን የምስክር ወረቀት፥ የወራሽነቱን ውሳኔና የቤቱን ግምት ከነትርጉማቸው ሁለት ሁለት ግልባጭ አድርጎ ይያዝ። መምጣት ካልቻለ በዋሺንግቶን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርቦ ውክልናውን ይስጥ፤ በውክልናውም ውስጥ ቤቱን የማስገመትና ደረሰኝ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ እንዲጻፍ ያድርግ፤ ይህ ቃል ስለ ጐደለ ብቻ ወኪሉ ከየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሊመለስ ይችላል። ሒሳብ ዐዋቂም ሲመርጥ ቅጽ 3520ን ከዚህ በፊት ሞልቶ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ የደመወዝ ግብር ብቻ የሚሠሩ ብዙዎች አይተውት አያውቁም። ቅጹ ወደ ኦግደን ሲላክ በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝም ከማኅደሩ ጋር ይቀመጥ።